ነዳጅና የጣና ውሃ፦ ስለ ዴፖ፣ ማደያና ጀሪካን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ማደያ ላይ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ዋናው ሥራዬ ዲፕ መለካት ነበር። ገና ሳይነጋ የታንኩን ክዳን እከፍታለሁ። ረጅሙን ዘንግ ወደ ታች እሰዳለሁ። አወጣውና ነዳጁ ያረጠበበትን ቁጥር በባትሪ አነባለሁ። ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሥራውን ከተውኩ ቆየሁ፤ ጠያቂው ግን አልተወኝም። ባጃጅ የሚነዱ ጎረቤቶቼ፣ ወደብ ላይ ጀልባ ያላቸው ልጆች፣ ፎገራ ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርቱ ዘመዶቼ በየተራ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

ነዳጅ ውስጥ መርዙ የቱ ነው?

ነዳጅ አንድ ኬሚካል አይደለም። የብዙ መቶ ኬሚካሎች ቅልቅል ነው። ከሁሉም የሚፈራው ቤንዜን ይባላል። ስሙ ከቤንዚን ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታዋል። ቤንዚን ማደያ ገብተን የምንቀዳው ነው። ቤንዜን ደግሞ በውስጡ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ ነው። ለረጅም ጊዜ የተጋለጠ ሰው ላይ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው። ቶሉዊን፣ ኤቲል ቤንዜንና ዛይሊን የሚባሉ ዘመዶችም አሉት። አራቱም ከሌላው የነዳጅ ክፍል በተሻለ ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የተንሳፈፈውን ነዳጅ ከላይ መግፈፍ ይቻላል። የሟሟውን ግን ዓይን አያየውም።

ናፍጣ ውስጥ ቤንዜን ትንሽ ነው። ሆኖም ናፍጣ ከባድ ስለሆነ ቶሎ አይተንም። ጭቃ ውስጥ አንዴ ከገባ ዓመታት ይቀመጣል። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስም ይጨመር ነበር። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ተገላግሎታል። እርሳስ ግን አይበሰብስም፤ አይተንም። አሮጌ ማደያ ፈርሶ ሌላ ነገር ሲሠራ ከሥሩ የሚወጣውን አፈር እንደ ማንኛውም አፈር ለጓሮ አትክልት ባትወስዱት ደስ ይለኛል።

አንድ ሊትር ቢፈስስ ምን ይሆናል? ታጋንኑታላችሁ።

አብረን እናስላው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዜን ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ከመቶ አንድ እጁ ቤንዜን ነው እንበል። ይህ ከ8 ግራም በላይ ይሆናል። 8 ግራም በ10 ማይክሮ ግራም ሲካፈል 800 ሺህ ሊትር ውሃ ይመጣል። ያ ሁሉ ውሃ ከጣሪያው ጫፍ ይደርሳል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሜዳ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን አብዛኛው ይተናል። ስለዚህ ሁሌም እንዲህ አይሆንም። ከመሬት በታች ከተሰነጠቀ ቱቦ የወጣ ቤንዚን ግን ወዴት ይተናል?

ጣና እኮ ባሕር ነው። ይህችን ነዳጅ አይውጣትም?

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቅ ግን አይደለም። ጥልቁ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። አማካዩ ከ8 እስከ 9 ሜትር ቢሆን ነው። ሰፌድ ላይ የተረጨ ውሃ በሉት።

ደግሞም ነዳጅ ከውሃው ሁሉ ጋር አይቀላቀልም። ይንሳፈፋል። ነፋስ ይነዳዋል። የሚነዳውም ወደ ዳር ነው። ዳር ላይ ምን አለ? ደንገሉ አለ። ታንኳው አለ። ልብስ የሚያጥቡት፣ ከብት የሚያጠጡት፣ ውሃ የሚቀዱት ሰዎች እዚያ ናቸው። የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት የሚያድገውም በዳሩ ሣር መሃል ነው። የዓሣ እንቁላልና ጫጩት ደግሞ ከትልቁ ዓሣ ይልቅ ለነዳጅ ስስ ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የጣና ነጭ ዓሣ የሚባሉት ዝርያዎች፣ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ፣ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ክረምት ማለት ደግሞ ጎርፉ የየመንገዱንና የየግቢውን ዘይት አጥቦ ወደ ወንዝ የሚያወርድበት ወቅት ነው። ዓሣው ሲወጣ ዘይቱ ይወርዳል። መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

እምቦጭ ስለሚታይ ዘመቻ ይወጣለታል። ነዳጅ እንደ እምቦጭ አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

የከተማችን የመጠጥ ውሃ ከሐይቁ አይደለም የሚመጣው። ታዲያ ምን አገባን?

ልክ ነው። ባሕር ዳር በአብዛኛው የምትጠጣው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ያንን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ድንጋይ አጥር ስትሠሩ አይታችሁታል። ቀዳዳና ስንጥቅ ስላለው ነው ውሃ በደንብ የሚይዘውና የሚያስተላልፈው። ውሃ የሚሄድበት ስንጥቅ ነዳጅንም አይከለክልም። አሸዋ ውስጥ የገባ ነዳጅ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድም መገመት ይቻላል። የተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ የገባ ነዳጅ ግን ዛሬ እዚህ፣ ነገ ያልታሰበ ምንጭ ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

ለመሆኑ ዴፖ፣ ማለትም ትልቅ የነዳጅ ማከማቻ፣ የከተማ ውሃ አበላሽቶ ያውቃል?

ያውቃል። ሃዋይ ውስጥ ሬድ ሂል የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የነዳጅ ማከማቻ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ ነው። 20 ግዙፍ ታንኮች ተራራ ተቦርቡሮ ተቀብረዋል። ተራራው እንደ እኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከታንኮቹ ሥር 30 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የመጠጥ ውሃ አለ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 እዚያ ነዳጅ ፈሰሰ። የፈሰሰው ትንሽ ነው ተባለ፤ ተጠረገ። ነገር ግን ወደ 20 ሺህ ጋሎን፣ ማለትም ከ70 ሺህ ሊትር በላይ፣ ከሒሳቡ ጎድሎ ነበር። የት ሄደ? የእሳት መከላከያው ፍሳሽ በሚወርድበት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ቱቦው ከክብደቱ የተነሳ ጎብጧል። ስድስት ወር ማንም አላየውም። በኅዳር አንድ ተሽከርካሪ ቱቦውን ገጨው። ነዳጁም የመጠጥ ውሃው ውስጥ ገባ። በዚያ የውሃ መስመር የሚጠቀመው ሰው ወደ 93 ሺህ ይጠጋ ነበር። ሰዎች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የቆዳ ሽፍታ ያዛቸው። በመጨረሻም ማከማቻው እንዲዘጋ ተወሰነ።

እኔን የሚያስገርመኝ ቱቦው መሰበሩ አይደለም። ቱቦ ይሰበራል። ያ ሁሉ ነዳጅ ከሒሳብ ጎድሎ ስድስት ወር መታደሩ ነው።

ማደያ ላይ ፍሳሽ እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

ብዙ ሰው ይሸታል ብሎ ይጠብቃል። ከመሽተቱ በፊት ግን ቁጥሩ ይናገራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትናንት ጠዋት ታንኩ ውስጥ የነበረውን ትወስዳላችሁ። ቦቴ ያራገፈው ካለ ትደምራላችሁ። ማሽኑ የሸጠውን ትቀንሳላችሁ። ዛሬ ጠዋት በዲፕ ከተለካው ጋር ታስተያያላችሁ። በየቀኑ ጥቂት ሊትር ከፍ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። አንድ ቀን ይተርፋል፣ ሌላ ቀን ይጎድላል። ሁልጊዜ የሚጎድል ከሆነ ግን ነገር አለ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በሠራሁበት አንድ ማደያ የቤንዚን ሒሳብ በየቀኑ 60 ሊትር ገደማ ይጎድል ጀመር። ስም አልጠራም። ኃላፊው መጀመሪያ «ሙቀት ነው» አለ። ሙቀት እውነትም ነዳጅ ያሳብጣል። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ልዩነት ከ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ገደማ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። 40 ሺህ ሊትር ከቆላ ሞቆ መጥቶ ታንክ ውስጥ በ5 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 190 ሊትር ይሟሽሻል። ይህ ግን ቦቴ ባራገፈ ማግስት የሚታይ ነገር ነው። በየቀኑ አይደገምም።

ቀጥሎ «ቀጂዎቹ ይሰርቃሉ» ተባለ። አንዲት ልጅ ከሥራ ተባረረች። ከእሷ በኋላም 60 ሊትሩ መጉደሉን አላቆመም። ሌላ ልጅ ተባረረ። አሁንም 60። እኔ ደብተሩን ይዤ ገብቼ «ጌታዬ፣ ሌባ እኮ እንዲህ እኩል እኩል አይሰርቅም» አልኩ። ተቆጡኝ። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ከአጥሩ ጀርባ ያሉ አንዲት እናት ከጉድጓዳቸው የቀዱትን ውሃ በጆግ ይዘው መጡ። ገና በሩ ላይ እያሉ ሸተተን። ተቆፈረ። ከታንኩ ወደ መቅጃ ማሽኑ የሚሄደው ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። በእጄ ያዝኩት። ጥፍር የሚያክል ስንጥቅ ነው።

60 ሊትር በ55 ቀን 3,300 ሊትር ነው። የእትዬ ጉድጓድ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። የተባረሩትንም ይቅርታ የጠየቃቸው የለም።

አሜሪካ ማደያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ልክ አለ። በወር ውስጥ የጎደለው፣ በዚያው ወር ከተሸጠው ነዳጅ አንድ በመቶ ሲደመር 130 ጋሎን ከበለጠ፣ ፍሳሽ አለ ተብሎ ይጠረጠራል። 130 ጋሎን 490 ሊትር ገደማ ነው። ወር ላይ 100 ሺህ ሊትር ለሚሸጥ ማደያ ጣሪያው 1,490 ሊትር ይሆናል። የእኛ ጉድለት በወር 1,800 ነበር። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ቁጥሩ ጮኾልናል፤ የሰማው የለም።

ጠብታ ጠብታ የምትለው ቱቦስ?

በሰከንድ አንድ ጠብታ ከሆነ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ነው። በ46 ቀን አንድ በርሚል ይሞላል። አጥብቋት።

ታንክ እኮ ወፍራም ብረት ነው። እንዴት ይበሳል?

ከታች ነው የሚበላው፤ ከውስጥም ከውጭም። ከውስጥ፦ ነዳጅ ታንክ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ አለ። ከአየሩ እርጥበት ወይም በክዳን ከገባ ዝናብ ይመጣል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ብረቱን ያዝገዋል። ለዚህ ነው የዲፕ ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት የምንቀባው። ቀለሙ ተቀየረ ማለት ከታች ውሃ አለ ማለት ነው።

ያ ውሃ ተስቦ ይወጣል። የት ይደፋል? ይህን ጥያቄ ማደያም ዴፖም ላይ ጠይቁ። ከነዳጅ ሥር ወራት የተኛ ውሃ ቤንዜን የጠገበ ነው። ንጹሕ መስሎ ስለሚታይ ቦይ ውስጥ ይደፉታል። እንደ አደገኛ ቆሻሻ ተለይቶ በበርሚል ተቀምጦ ለሚያስወግድ አካል መሰጠት አለበት።

ከውጭ ደግሞ አፈሩ ነው። እርጥብ አፈር ብረት ያዝጋል። መድኃኒቱ ጥሩ ሽፋን ነው፤ ወይም የዚንክ ወይም የማግኒዥየም ቁራጭ ከታንኩ ጋር ማሰር ነው። ዝገቱ ታንኩን ትቶ ቁራጩን ይበላል። ቁራጩ ሲያልቅ ይቀየራል። ከሁሉ የሚሻለው ባለ ሁለት ግድግዳ ታንክ ነው። የውስጡ ቢበሳ ነዳጁ በሁለቱ መሃል ይቀራል፤ ማንቂያውም ይጮኻል።

የእኛ ዋልካ አፈር ያስቸግራል ይባላል። እውነት ነው?

በጣም። ዋልካ በጋ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ክረምት ላይ ያብጣል። ቤት ያለው ሰው ግድግዳው ላይ አይቶታል። የተቀበረ ቱቦም እንደዚያው በየዓመቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች ይጎተታል። የነገርኳችሁ መገጣጠሚያም የተሰነጠቀው በበጋ ነው። ስለዚህ ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ በገረጋንቲ ወይም በአሸዋ መተካት አለበት። መገጣጠሚያዎቹም መተጣጠፍ የሚችሉ ይሁኑ።

መሬት ሲንቀሳቀስ የሚሆነውን ሩሲያ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2020 ኖሪልስክ ከተማ አጠገብ አንድ የናፍጣ ታንክ መሠረቱ ሰጠመ። እዚያ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው፤ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ከ20 ሺህ ቶን በላይ ናፍጣ ወጣ። ወንዙ ቀላ። እኛ በረዶ የለንም። ዋልካ አለን።

ዴፖ ዙሪያ ያለው የግንብ አጥር ለምንድን ነው? ሌባ ለመከላከል ነው?

ለነዳጅ ነው። ታንኩ ቢፈነዳ ነዳጁ እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲቀር። የተለመደው ልክ፣ ግንቡ ውስጥ ካሉት ታንኮች የትልቁን 110 በመቶ መያዝ አለበት። ወለሉም ነዳጅ የማያሳልፍ መሆን አለበት። ግንቡ ጥሩ ሆኖ ወለሉ አፈር ከሆነ ወንፊት ነው።

አሁን ዝናቡን አስቡት። ባሕር ዳር በሐምሌ ብቻ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ግንብ ውስጥ ይህ 160 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። ካልወጣ ለነዳጁ የተተወውን ቦታ ውሃ ይይዘዋል። ስለዚህ ከግርጌው የውሃ ማስወጫ ቫልቭ አለ። ጥበቃው በየዝናቡ እየተነሣ መክፈትና መዝጋት ይሰለቸዋል። አንድ ቀን ከፍቶ ይተወዋል። ማንም አይፈርድበትም፤ ሌሊት ነው፣ ይዘንባል። ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ግንቡ የለም ማለት ነው። ታንኩ ቢፈስስ ቀጥታ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ሐይቅ።

መፍትሔው ቫልቩ ሁልጊዜ ተቆልፎ ቁልፉ ኃላፊ ዘንድ መሆኑ ነው። ሲከፈት ሰው አጠገቡ ይቆማል። ውሃው መጀመሪያ በዓይን ይታያል፤ ከዚያ ዘይትና ውሃ በሚለየው ገንዳ በኩል ይወጣል። ገንዳውም መጠረግ አለበት። ዓመት ሙሉ ያልተጠረገ ገንዳ ያጠራቀመውን ዘይት በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መልሶ ይተፋዋል።

ቦቴ ሲያራግፍ ምን ያሰጋል?

ዋናው መትረፍረፍ ነው። አንድ ቦቴ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ይዞ ይመጣል። ታንኩ ውስጥ ስንት ቦታ እንዳለ ሳይለካ ከተከፈተ የተረፈው ሜዳ ላይ ነው። የተቀበረ ታንክ ከ95 በመቶ በላይ መሞላት የለበትም። ሹፌሩ ደክሞታል፣ ሰልፉ ይጮኻል፣ ሁሉም ይቸኩላል። ቢሆንም ዲፕ ሳይለካ ቱቦ አይገጠምም። ቱቦው እስኪነቀልም ሹፌሩ ወደ ቡና አይሄድም።

መለኪያ መሣሪያ አለን ብሎ መዘናጋትም አለ። እንግሊዝ አገር በንስፊልድ የሚባል ዴፖ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2005፣ አንድ ታንክ ቤንዚን እየተሞላ መለኪያው አንድ ቁጥር ላይ ተጣበቀ። ነዳጁ ይጨምራል፤ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ለመጠባበቂያ የተገጠመው ማጥፊያም አልሠራም። ቤንዚኑ ከጣሪያው ፈሰሰ፣ ተነነ፣ ፈነዳ። ብዙ ሰው ተጎዳ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው አረፋ ደግሞ ከነዳጁ ጋር ከመሬት በታች ወዳለው ውሃ ሰረገ።

አረፋው ራሱ መርዝ ነው እንዴ?

አንዳንዱ ነው። ለነዳጅ እሳት የሚሠራው አሮጌው ዓይነት አረፋ ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች አሉበት። እነዚህ በተፈጥሮ የማይበሰብሱ ናቸው ማለት ይቻላል። ሬድ ሂል ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በውሃ ያልተበረዘ የዚሁ አረፋ ፈሳሽ ከ4 ሺህ ሊትር በላይ ፈስሷል። አሁን ፍሎሪን የሌለበት አረፋ በገበያ አለ። ዴፖ ያለው ሰው ሲገዛ መለያው ላይ ይህን ይይ። ለልምምድ የሚረጨው ደግሞ በምንም መልኩ ፍሎሪን ያለበት መሆን የለበትም።

ነዳጅ ሲጠፋ ቤት አስቀምጣለሁ። ምን ችግር አለው?

ሰልፉን አውቀዋለሁ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ተሰልፎ ጠዋት «አልቋል» የተባለ ባጃጅ ነጂ፣ ሲያገኝ ለምን ያስቀምጣል ብዬ አልፈርድበትም። ግን ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ የተቀመጠ ቤንዚን ውሃ ይመስላል። ልጅ ይጠጣዋል። የዘይት ጀሪካን ክዳኑ አይገጥምም፤ ትነቱ ቤቱን ይሞላዋል። ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ አያስፈልግም።

በአፍ ስቦ ማውረድንም ተዉት። ጎማ ነክሶ የሚስብ ሰው አንድ ጉንጭ ወደ ሳንባው ቢገባ ሳንባው ይቃጠላል። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት፤ ሲመለስ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ቀጥታ ሐኪም ቤት።

ፈሰሰብኝ። ምን ላድርግ?

እሳት አጥፉ፣ ሞተር አጥፉ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ራቅ በሉ። ከዚያ ፈሳሹ ወደ ቦይ እንዳይሄድ መንገዱን በአሸዋ ወይም በአፈር ግደቡ። ቀጥሎ በላዩ ላይ አሸዋ በትኑ። ሰጋቱራ ለናፍጣና ለዘይት ጥሩ ነው፤ ለቤንዚን ግን ራሱ ነዳጅ ይሆናል። የጠጣውን አሸዋ በአካፋ ዝቃችሁ ክዳን ባለው በርሚል አስቀምጡ።

የማይደረገው አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም የሚያደርገውም እሱን ነው። በኦሞና በውሃ ማጠብ። ግቢው ያበራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ኦሞ ነዳጁን አላጠፋውም። በጣም ትንንሽ ጠብታ አድርጎ ከውሃ ጋር ቀላቅሎ ወደ ሐይቁ ሸኘው።

የጀልባና የውሃ ፓምፕ ነዳጅስ?

አሮጌው ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ እስከ ሩብ የሚሆነውን ሳያቃጥል ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ገንዘባችሁን ነው የሚለቀው። ባለ አራት ምት ሞተር ውድ ቢሆንም በነዳጅ ይመልሰዋል። ነዳጅ ስትቀዱ ጀልባው ላይ ሆናችሁ ከጀሪካን አታንቆርቁሩ፤ ተንቀሳቃሹን ታንክ ወደ ምድር አውጥታችሁ በማጥለያ ሙሉ።

ፓምፕን በተመለከተ ወንዝ ዳር ያላችሁ፣ ሞተሩን ከውሃው አፍ አርቁት። መምጠጫ ቱቦው ይርዘም። ከሥሩ ጠርዝ ያለው አሮጌ ትሪ አድርጉ። ዘይት ስትቀይሩ በትሪው ላይ ይሁን።

ላቫጆና ጋራዥ?

የተቃጠለ ዘይት ቦይ አይገባም። በርሚል ይጠራቀማል። ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ የምትቀቡት፣ ከጉድጓድና ከአትክልት አርቁት። ባትቀቡት ይመረጣል።

የጉድጓዴ ውሃ ነዳጅ ነዳጅ ይላል። ባፈላውስ?

አታፍሉት። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ነዳጅ ጀርም አይደለም። ትነቱን ማዕድ ቤት ውስጥ ትተነፍሱታላችሁ። ውሃ አጋርም ሆነ ሌላ ክሎሪን አይረዳም። ውሃውን ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለገላ አትጠቀሙበት። ሽታው ቢጠፋም ወዲያው አትመኑት፤ ቤንዜን አፍንጫ ከሚያውቀው መጠን በጣም ባነሰ ይጎዳል። በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ አየር ሳታስቀሩ ከድናችሁ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ይዛችሁ ለምርመራ ውሰዱ። ግማሽ ጠርሙስ ከሆነ ቤንዜኑ ክዳኑ ሥር ይተንና ውጤቱ ያታልላል።

ረግረጉ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር አያለሁ። ነዳጅ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። እንጨት አንሡና ንኩት። እንደ ቀጭን ብርጭቆ ተሰባብሮ ቁርጥራጩ ለየብቻ ከቀረ፣ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው፤ ጉዳት የለውም። እንጨቱን ተከትሎ ከተጠማዘዘና ተመልሶ ከገጠመ ነዳጅ ነው። ያኔ ወደ ላይ፣ ወደ መጣበት ቦይ ተከተሉት። አንድ ሊትር ነዳጅ የግማሽ ኳስ ሜዳ ያህል ውሃ ላይ እንዲህ ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ ስለዚህ የሰፋ ሁሉ ብዙ ነው ማለት አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል? ለማን ልናገር?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ አቤት ለማለት ጉዳቱ በእናንተ ላይ መድረሱን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ማንም ሰው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። በቃል አትናገሩ። ጻፉ፣ ፎቶና ቀን አያይዙ፣ ማመልከቻው የገባበትን ቁጥር ተቀበሉ።

ከቤቴ አጠገብ ማደያ ሊሠራ ነው። ምን ልጠይቅ?

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አልፏል ወይ? ለዚህ የሚያገለግለው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ታንኩ ባለ ስንት ግድግዳ ነው? ዋልካው ተነሥቷል? የዝናቡ ውሃ በየት ይወጣል? የእኔ ጉድጓድ ከታንኩ ቁልቁል ነው ወይስ ሽቅብ? ሥራ ሳይጀምሩ የጉድጓዳችሁን ውሃ አንዴ አስመርምሩና ወረቀቱን አስቀምጡ፤ በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር» ሲሏችሁ የምታወጡት እሱን ነው።

ማደያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ጎራ በሉ። ዲፕ የሚለካውን ልጅ ሰላም በሉት። ደብተሩን ያሳያችሁ። ቁጥሮቹ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚሉ ከሆነ ልጁ በእውነት እየለካ ነው። በየቀኑ ዜሮ ልዩነት የተጻፈበት ደብተር ካያችሁ ግን፣ ክዳኑ አልተከፈተም።